በቅዳሜ ገበያ ዳር ያለችው የመኖ መደብር ለጥንቸል አሳዳጊ ምን ያህል ትጠቅማለች?

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ የጆንያና የገመድ ሻጮች ከተደረደሩበት መስመር ጫፍ ላይ፣ የስም ሰሌዳ የሌላት አንዲት የመኖ መደብር አለች። በሯ ላይ የተቆለለው የድርቆሽ እስርና ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለው ትልቅ ሚዛን ከሰሌዳ በላይ ስለሚያስታውቋት፣ ባጃጅ ነጂዎች እንኳ «መኖ ቤቷ» ሲባሉ ሌላ ምልክት አይጠይቁም። ደንበኞቿ በአብዛኛው የወተት ላም ያላቸው፣ በግ የሚያደልቡና ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ኅዳር ጀምሮ የምመላለሰው ለጥንቸሎች ነው። ለልጆቻቸው ጥንቸል የገዙ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ምን እንደሚያበሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ከዚህች መደብር በአንድ ዓመት ውስጥ የገዛሁትን፣ የጠቀመኝንም የጎዳኝንም፣ እንዳየሁት ለመጻፍ ወሰንኩ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓት ምክንያት የጥንቸል ሥጋ ስለማይበላ፣ ጥንቸል ማርባት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ሙያ አይደለም። በግ ምን ይበላል ቢባል የስምንት ዓመት እረኛ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ጥንቸል ምን ይበላል ቢባል ግን ሽማግሌውም «ካሮት» ከማለት አያልፍም። የመኖ ነጋዴውም ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣ ሰው ነውና ጥንቸልን አንድም እንደ ትንሽ በግ፣ አንድም እንደ ትልቅ ዶሮ አድርጎ ያያታል። ሁለቱም አይደለችም። ጥንቸል እንደ በግ አታመነዥክም፤ ጨጓራዋ አንድ ብቻ ሲሆን ሣሩ የሚብላላው ከትንሹ አንጀት በኋላ በሚገኘው ትልቅ ዕውር አንጀት ውስጥ ነው። በዚህ ረገድ ከምናውቃቸው የቤት እንስሳት መካከል ለፈረስ ትቀርባለች። በዕውር አንጀት ውስጥ የተብላላውን ምግብ ለስላሳና የተጣበቀ በጠጥ አድርጋ ታወጣውና እዚያው ከመቀመጫዋ ላይ በአፏ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች፤ ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን የምታገኘው ከዚህም ጭምር ነው። ልጄ ይህን ድርጊት መጀመሪያ ባየች ጊዜ «አባዬ፣ አበደች!» ብላ ጠርታኛለች። ጥርሶቿ 28 ሲሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ማደጋቸውን አያቋርጡም፤ የፊት ጥርሶቿ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚረዝሙ፣ ቀኑን ሙሉ የሚታኘክ ሻካራ ነገር ካላገኘች አፏን መግጠም እስኪያቅታት ይደርሳሉ። ማስመለስ ደግሞ አትችልም። በአፏ የገባ መጥፎ ነገር ሁሉ አንጀቷን ዘልቆ ማለፍ አለበት።

ከአንድ ሻጭ ሦስት ግልገሎች ስንገዛ ሁለት ወር እንደሞላቸው ተነግሮን ነበር፤ በኋላ የተወለዱበትን ቀን አጣርቼ ሳሰላው ግን ገና የአምስት ሳምንት ነበሩ። የሦስት ሳምንት ልዩነት ለሌላ እንስሳ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለጥንቸል ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እናት ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ግልገሎቹ ዓይናቸውን በ10 ቀን ገደማ ይገልጣሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ድርቆሽ መቆርጠም ይጀምራሉ፤ ከዚያም በኋላ ወተቱ ከድርቆሹ ጋር ጎን ለጎን ቢቀጥል፣ ከእናታቸውም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ባይለዩ ይመረጣል። የሚጠባ ግልገል የጨጓራ አሲድ እንደ አዋቂው የበረታ አይደለም፤ ጎጂ ተህዋስያንን የሚገታለት ከወተቱ የሚገኝ ቅባት ነው። ወተቱ ድንገት ተቋርጦ አሲዱ ገና ሳይበረታ፣ በመካከሉ ስታርች የበዛበት ምግብ ከተሰጠው፣ ሳይፈጭ ዕውር አንጀት የደረሰው ስታርች ለጎጂ ባክቴሪያዎች መራቢያ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ በገዛናቸው ማግሥት መደብሯ ሄጄ «ለጥንቸል የሚሆን መኖ» ብዬ ጠየቅኩ። ረዳት ሆኖ የሚሠራው ወጣት ዕድሜያቸውን አልጠየቀኝም። ከአንዱ ጆንያ ሁለት ኪሎ ድብልቅ መኖ መዘነልኝ፤ ክክ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና ጨው ያለበት ነበር። «በግም ዶሮም ይበላዋል፤ ጥንቸልማ እንዴት ይጠላዋል?» አለኝ። አልጠሉትም። ችግሩም እሱ ነበር፤ በቆሎውን እየመረጡ በልተው ሻካራውን ተዉት። በሦስተኛው ቀን ቡናማዋ ግልገል ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች። ካርቶኑ ውስጥ ባነጠፍነው ጋዜጣ ላይ ከበጠጥ ይልቅ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አየን። ሌሊቱ ሳይነጋ ሞተች።

ጥፋቱን ሁሉ በመደብሯ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ግልገሎቹን ያለ ጊዜያቸው የለየው ሻጩ ነው፤ ከለመዱት ምግብ በአንድ ቀን ወደ ሌላ ያዞርኳቸውም እኔ ነኝ፤ የጥንቸል መኖ የሚለወጠው ግን የድሮውን እየቀነሱ አዲሱን እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሆኖም መኖ ሻጭ «የስንት ወር ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የአንድ ዓመት ደንበኝነቴን ሳስብ በመደብሯ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሸቀጧ በአብዛኛው ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለየትኛው ዕድሜ የትኛው እንደሚሆን ለይቶ የሚሰጥ ሰው ግን አልነበራትም።

የቀሩትን ሁለቱን፣ ነጩን ጥጥን እና ግራጫውን አመዶን፣ ያተረፈልን ድርቆሹ ነው። ድብልቁን አንስተን ለሳምንት ያህል ከድርቆሽና ከውኃ በቀር ምንም አልሰጠናቸውም። ዛሬም ቢሆን ከመደብሯ ሸቀጦች ሁሉ ያለማመንታት የምመክረው ድርቆሹን ነው፤ ምክንያቱም በየትኛውም ዕድሜ ያለ ጥንቸል ሳይሰፈርለት እንዳሻው ሊበላው የሚገባ ምግብ እሱ ነው፤ ከአዋቂ ጥንቸል የዕለት ምግብ ውስጥም ከ80 በመቶ የማያንሰውን መያዝ አለበት። በሌላ አነጋገር፣ የራሱን አካል የሚያህል እቅፍ ድርቆሽ በየቀኑ ፊቱ መኖር አለበት። ረጅሙ አሰር አንጀቱ ሥራ እንዳይፈታ ይገፋዋል፣ ጥርሱንም ይሞርደዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ መደብሯ የምታቀርበው ድርቆሽ በዚያው በበጋ ሳይሆን ክረምቱ እንደወጣ፣ ሣሩ ገና ሳይገረጅፍ የታጨደ ነው። ሰርዶና ማገጥ የተቀላቀለበት፣ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ እስሩ ሲፈታ ደግሞ የደረቀ ሻይ ቅጠል የሚመስል ሽታ ያለው ነበር። እጄን እስሩ መሐል አስገብቼ ስዳስሰው ቅዝቃዜም እርጥበትም አልነበረውም። በዚህ ወቅት የገዛሁት ሦስት እስር እስከ ጥር ድረስ አደረሰን፤ የሚበሉትን ያህል ይተኙበት ስለነበር እንጂ ከዚያም በላይ ባደረሰን።

የጤፍ ጭድም ሸጠውልኝ ያውቃሉ፤ እሱ ለመኝታ እንጂ ለምግብነት አይመከርም፤ አሰር ቢኖረውም ለሚያድግ ጥንቸል የሚሆን ገንቢ ነገር የለውም።

ቀጥሎ የምጠቅሰው አልፋልፋውን፣ ከጥራጥሬ ዘር የሚመደበውን የመኖ ተክል፣ ነው፤ በዚህኛው ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም በአንዱ ዕድሜ መድኃኒት፣ በሌላው ዕድሜ ሸክም የሚሆነው እሱ ነው። መደብሯ አልፋልፋን በሁለት መልክ ትሸጣለች፤ ከመስኖ ማሳ በጠዋት የመጣ እርጥቡን በነዶ፣ በጥላ የደረቀውን ደግሞ በኪሎ። አልፋልፋ ከተራ ሣር ይልቅ በፕሮቲንም በካልሲየምም እጅግ የበለጸገ በመሆኑ፣ አጥንቱና ጡንቻው ለሚያድገው ወጣት ጥንቸል ተስማሚ ነው። የመኖ እንክብል በማናገኝበት ከተማ ደግሞ እሱን የሚተካ ሌላ የፕሮቲን ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እስከ ስድስተኛና ሰባተኛ ወር ድረስ ጥጥና አመዶ ከድርቆሹ ጎን ደረቅ አልፋልፋ እንዳሻቸው ይበሉ ነበር። እርጥቡን ግን በመጠኑ፣ ለዚያውም አጠውልጌ ነው የምሰጣቸው፤ የረጠበና የሞቀ የጥራጥሬ ዘር ቅጠል ሆድ ይነፋል። ደረቁን ስትገዙ ቅጠሉ ከግንዱ ላይ ረግፎ እንዳላለቀ አይታችሁ ግዙ፤ በመደብሯ ከጆንያው ሥር የሚቀረው ግንድ ብቻ ስለሆነ፣ ረዳቱ ከላይ እንዲመዝን ሳላፍር እነግረዋለሁ።

ከሰባተኛው ወር በኋላ አልፋልፋው እየቀነሰ፣ በአንድ ዓመቱ ከናካቴው ተትቶ ቦታውን ለሣር ድርቆሽ መልቀቅ አለበት። እኔ ይህን አውቄ ሳላደርገው ቀረሁ። በሰኔ የመደብሯ ድርቆሽ ስለተበላሸ (ወደዚህ እመለሳለሁ) አልፋልፋውን ዋና ምግብ አድርጌ ለአራት ሳምንታት ያህል ቀጠልኩበት። ያን ጊዜ ዘጠኝ ወር ሆኗቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የጥጥ ሽንት ሲደርቅ ኖራ የተቀባ መሰለ፤ በጣቴ ብነካው ደቃቅ አሸዋ ነበረው። የአብዛኞቹ እንስሳት አንጀት ከምግብ ውስጥ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ካልሲየም ብቻ መርጦ ያስገባል፤ የጥንቸል አንጀት ግን በምግቡ ውስጥ ያለውን ያህል እያስገባ ትርፉን በኩላሊት በኩል ያስወጣዋል። ጥቂት መደፍረስ ያለ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን በፊኛ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይከማቻል፣ ጠጠርም ይሠራል። አልፋልፋውን በዐሥር ቀን ውስጥ ቀንሼ አቆምኩ፤ ውኃውንም ከሚንጠባጠብ ጡጦ ወደ ሸክላ ሳህን ለወጥኩላቸው፤ ከሳህን ይበልጥ እንደሚጠጡ ወዲያው አስተዋልኩ። ጥንቸል በቀን በኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ ትፈልጋለችና ሳህኑ ጠዋትም ማታም ይሞላል።

አሁን ወደ ሰኔው ድርቆሽ ልመለስ። መደብሯ ወለሏ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ከታች ያሉት እስሮች ከመሬቱ እርጥበት ይስባሉ፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ከቆርቆሮው ስንጥቅ የሚገባ ፍንጣቂ ያገኛቸዋል። በሰኔ አጋማሽ የገዛሁትን እስር ግቢዬ ውስጥ ፈትቼ ሳራግፈው ግራጫ አቧራ ቦነነ፤ ሽታውም የከረመ ጓዳ ሽታ ነበር። ሻጋታ ለማንኛውም እንስሳ መጥፎ ቢሆንም፣ ጥንቸል ሻጋታ የሚያመነጨውን አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የመቋቋም አቅሟ ከብዙዎቹ ያነሰ ነው። መልሼ ወሰድኩት። ባለቤቷ እትዬ እስሩን አሽትተው፣ ያለ አንዳች ክርክር ገንዘቤን መለሱልኝ፤ ይህንን በበጎ እመሰክርላቸዋለሁ። ነገር ግን ያንኑ እስር ወደ ክምሩ መልሰው ሲያስቀምጡት አየሁ። ለላም ቢሆንም አልወደድኩትም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ድርቆሽ ከዚያ አልገዛሁም፤ በግቢያችን አጥር ሥር የሚበቅለውን ሰርዶ፣ ዝናብ ሲያባራና ጤዛው ሲተን እያጨድን፣ በረንዳ ላይ እያሰጣን አሳለፍን። ዋጋውም በኅዳር ከነበረው በነሐሴ በእጥፍ ጨምሮ ስለነበር አልቆጨኝም። ስለ ዋጋ ከዚህ በላይ ቁጥር አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ሳይነበብ ይለወጣል።

ድብልቅ መኖውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በተለመደው አሠራሩ ለጥንቸል አይሆንም። በቆሎው ስታርች ነው፤ ፉርሽካው ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ፋጉሎው ጥሩ ፕሮቲን ቢኖረውም ዘይቱ ሲከርም ይኮመጥጣል፣ በእርጥብ ቦታ ከተቀመጠም ይሻግታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥንቸል መራጭ ናት፤ ተደባልቆ የተሰጣትን ከመብላት ይልቅ የሚጣፍጣትን ለይታ ስለምትበላ፣ በጆንያው ላይ የታሰበው ሚዛን በሆዷ ውስጥ አይኖርም። በመጋቢት ድብልቁ ባለቀ ጊዜ ረዳቱ በምትኩ የጫጩት መኖ ሊሰጠኝ ነበር። ይህንን ማንም እንዳይቀበል አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ለዶሮ የኮክሲዲያ በሽታ መከላከያ ተብለው በመኖ ውስጥ ከሚጨመሩት መድኃኒቶች መካከል እንደ ናራሲንና ሳሊኖማይሲን ያሉት ጥንቸልን ይመርዛሉ። የጆንያው ጽሑፍ መድኃኒት መኖር አለመኖሩን ቢናገርም፣ እዚህ መኖ የሚሸጠው ከተከፈተ ጆንያ እየተዘገነ በመሆኑ ጽሑፉን የሚያየው ሰው የለም።

በሐምሌ ግን እትዬ አንድ መልካም ነገር አደረጉልኝ። ያለ በቆሎ፣ የተወቀጠ ደረቅ ሣር የሚበዛበት፣ ጥቂት ፉርሽካና ትንሽ ትኩስ ፋጉሎ የተጨመረበት ቅልቅል ለብቻዬ እንዲያዘጋጁልኝ ስጠይቃቸው፣ «ለሁለት ጥንቸል ብለህ ወፍጮ ልታስነሣኝ ነው?» ብለው ሳቁ፤ በሳምንቱ ግን አዘጋጅተው ቆዩኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው በቀን በቡና ሲኒ አንድ ልክ፣ ሳይከመር፣ በውኃ ረጠብ አድርጌ እየለወስኩ እሰጣቸዋለሁ፤ ሲለወስ መምረጥ አይችሉም። ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ለሚመዝን አዋቂ ጥንቸል ይህ በቂ ነው። ወጣት ሳሉ ከዚያ እጥፍ ቢበሉም አይጎዳቸውም ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ሲኒው ሲከመር ጥንቸሉ ይወፍራል፤ የወፈረ ጥንቸል ደግሞ ወደ መቀመጫው መድረስ ስለማይችል ያንን ለስላሳ በጠጥ መብላት ያቅተውና ጠጉሩ ላይ ይጋገርበታል።

ክብደታቸውን የምከታተለው በመደብሯ ሚዛን ነው። ለዚህ አገልግሎት አንድም ቀን አላስከፈሉኝም። ፋጉሎ የሚመዘንበትን ሳፋ ጠርገው፣ አመዶን በነጠላ ጠቅልለን ሳፋው ውስጥ ስናስቀምጠው፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ምንም ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ የሚዛኑ መርፌ ግን ከልቡ ትርታ ጋር አብሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በአራት ወሩ 1.4 ኪሎ፣ በሰባት ወሩ 2.2፣ በዓመቱ 2.6 ነበር። የመጀመሪያ ቀን እትዬ «አንተ ልጄ፣ ጥንቸል እንደ ሠንጋ ታስመዝናለህ?» ብለውኝ ነበር። አሁን እርሳቸው ናቸው ባለፈው ወር ስንት እንደነበር የሚያስታውሱኝ።

መደብሯ የማትሸጠው፣ ነገር ግን ከበሯ አምስት እርምጃ ላይ በነፃ የሚገኝ ምግብ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትክልት ሻጮች ገንጥለው የሚጥሉት የካሮት ቅጠል ለጥንቸል ከካሮቱ ይሻላል፤ ካሮቱ ስኳር የበዛበት በመሆኑ እንደ ከረሜላ የሚቆጠር ነው፤ አንድ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በቂ ናት። ቅጠላ ቅጠል የጀመርነው ሦስት ወር ከሞላቸው በኋላ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ነበር፤ አንዱን ዓይነት ሰጥተን፣ በጠጡ ሳይለሰልስ ሦስት ቀን ካየን በኋላ ወደ ሌላው እያለፍን። ድንብላል፣ በሶብላ፣ አረንጓዴው ሰላጣና የካሮት ቅጠል በደንብ ተስማሟቸው። ጥቅል ጎመን አመዶን ነፋው። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል፣ ሲበዛ ኩላሊትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምሰጠው። ዛሬ አዋቂ ሆነው በቀን ለእያንዳንዳቸው ሁለት እፍኝ የታጠበ ቅጠል ይበላሉ። አቮካዶ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን በአጠገባቸው አያልፍም። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው ከቡናው በኋላ ጠርጎ ለጥንቸል ይጥለዋል፤ የተረገጠ፣ ዕጣን የወደቀበትና ምን እንደፈሰሰበት የማይታወቅ ሣር ነው።

ስለ መደብሯ ሰዓት ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም የተማርኩት በመከራ ነው። ከከተራ እስከ ጥር ሚካኤል፣ ማለትም ጥር 10፣ 11 እና 12፣ ትዘጋለች። ቤታችን ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ተሞልቶ ነበር፤ ድርቆሹ ማለቁን ያወቅኩት በከተራ ዕለት ሲሆን፣ መደብሯ ስደርስ በሯ ተከርችሟል። ሁላችንም ታቦት ለመሸኘት ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደን ስንመለስ፣ ቤት የቀሩት የእንግዶቹ ልጆች ለጥንቸሎቹ አዝነው ዳቦና የሽምብራ ቆሎ አብልተዋቸዋል፤ እንጀራም ሞክረዋል። በማግሥቱ ጠዋት አመዶ የሚወደውን ድንብላል እንኳ አፍንጫው ላይ ብናደርግለት ዞር አለ። ከሥሩ አንድም በጠጥ አልነበረም። ጥንቸል ለ12 ሰዓታት ሳይበላና ሳይጸዳዳ ከቆየ አንጀቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ነገ አየዋለሁ የሚባል ነገር አይደለም። ጎንደር የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት ከተማ በመሆኗ ዕድለኞች ነን፤ በሰፈራችን የሚኖር አንድ የእንስሳት ሐኪም በበዓል ቀን ቤታችን ድረስ መጥቶ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠው፣ የሕመም ማስታገሻና አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒትም ወጋው። ቤት ውስጥ የነበረንን የአሞክሳሲሊን እንክብል አሳይቼ «ይህስ?» ስለው፣ ፊቱ ተለወጠ፤ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን የዕውር አንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚያጠፋ ጥንቸልን ሊገድል እንደሚችል ነገረኝ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አመዶ ምስር የምታህል አንዲት በጠጥ ጣለ። ልጄ በወረቀት ጠቅልላ ለእንግዶቹ አዞረቻት።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ዋዜማ አንድ እስር ተርፎ መኖሩን አረጋግጣለሁ። መደብሯም በዓመቱ ጥቂት ተሻሽላለች። እትዬ ጥንቸል ለሚል ደንበኛ ሁሉ አሁን አስቀድመው «የስንት ወር ነው?» ይላሉ፤ ባለፈው ሳምንትም አንዲት እናት ለስድስት ሳምንት ግልገል ድብልቅ ስትጠይቅ፣ «ድርቆሽና አልፋልፋ ብቻ ውሰጂ፤ ያኛው ይቆይሽ» ሲሏት ሰምቻለሁ። ረዳቱ ግን እርሳቸው በሌሉበት ዛሬም ከዚያው ጆንያ ይዘግናል። የመደብሯ ወለል እስካሁን አፈር ነው፤ እስሮቹን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ጥቂት የእንጨት ርብራብ ቢሠራ የክረምቱ ችግር ግማሹ በተቃለለ ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ «ከገና በኋላ» ብለውኛል።

አዲሱ ድርቆሽ በዚህ በጥቅምት መግባት ጀምሯል፤ ሁለት እስር ገዝቻለሁ፣ ከዓምናው ማገጥ ይበዛበታል። ቅዳሜ ዕለት የላም ባለቤቶች ስለሚሻሙና ሚዛኑ ጋ ለመድረስ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ በጠዋት ሄዳችሁ እትዬ ራሳቸው እንዲመዝኑላችሁ ጠይቁ። ባጃጅ አንድ እስር በኋላ ወንበር ላይ ይይዛል፤ ሁለት ሲሆን ግን ነጂው በር ይዘጋብኛል ብሎ ተጨማሪ ስለሚጠይቅ፣ ሳይጫን በፊት ተነጋገሩ።